ሰላም ስላት ፊቷን ታዞራለች

ሰላም ውድ አንባቢዎቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ። ዘንድሮ ረመዳኑም ዐቢይ ጾሙም አንድ ላይ ይዞናል፣ ደሴ ቀን ቀን ጭር ብላ ማታ ነው ነፍስ የምትዘራው። በዚ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ፣ አራቱም ስለ አንድ ነገር ናቸው ማለት ይቻላል፣ ለሚጠላን ሰው ምን እናርግ ነው የሚሉት። የመጀመሪያውን ረዘም አርጌ ነው የመለስኩት ምክንያቱም ደብዳቤው ሶስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን አሉልኝ። ስሜን ባይጠቅሱት ደስ ይለኛል። የምኖረው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ በረንዳዬ ላይ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። ጎረቤቴ የልጄ ክርስትና እናት ናት፣ ድሮ እሷ ወጥ ከሰራች እኔ አልሰራም ነበር እንደዛ ነበርን። በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እሷ ልጆቿን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ወጣች፣ እኔ እናቴ አልጋ ላይ ስለነበረች ጥያት የት እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ። ታህሳስ ላይ ስትመለስ ቤቷ ባዶ ነው፣ ፍሪጅ የለም ቲቪ የለም የሱቋ እቃ አንድም አልቀረም። ከዛን ቀን ጀምሮ በሬን ያሳየቻቸው እሷ ናት ብላ ነው የምታወራው። እውነቱን ለመናገር እቃው ሲወጣ በመስኮት አይቻለሁ፣ መሳሪያ የያዘ ሰው ምን ይባላል፣ እናቴን አቅፌ ቁጭ አልኩ። አራት አመት አለፈው እትዬ። አመዷን በሬ ላይ ነው የምትደፋው፣ ደንበኞቼን እዛ ቤት ቡና አትጠጡ ትላለች፣ እድር ላይ ከሌባ ጋ አልቀመጥም ብላ ተነስታ ወጥታለች፣ ልጄን እንኳን የክርስትና ልጇን መንገድ ላይ ስታያት ትታጠፋለች። የነፍስ አባቴ ውደጃት አሉኝ፣ እኔም በየጠዋቱ እንደምን አደርሽ እላታለሁ ፊቷን ታዞራለች። እህቴ ፈሪ ነሽ ትለኛለች። እኔ ግን ግዴታዬን እየተወጣሁ ነው። እስከ መቼ ነው? ይሄ ፍቅር ነው ወይስ ሞኝነት?

መልስ፦ አብሽሪ የኔ እናት። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልሽ፣ አልጋ ላይ ያለች እናትሽን ይዘሽ የቀረሽው አንቺ ሌባ ተብለሽ አራት አመት መኖርሽ ግፍ ነው። ግፍ መሆኑን ሳልናገር ወደ ውደጂ ባልፍ እኔም እበድልሻለሁ። ብዙ ጊዜ ቤተክርስቲያን አካባቢ ያለን ሰዎች የተበደለን ሰው ቁስሉን ሳናይለት ይቅር በል እንለዋለን፣ ሰውየው ታዲያ በዳዩም እኛም ተባብረን የተጫንነው ይመስለዋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ ጠላቶቻችሁን ውደዱ፣ ለሚጠሉአችሁ መልካም አድርጉ፣ የሚረግሙአችሁን መርቁ፣ ስለሚበድሉአችሁ ጸልዩ ነው የሚለው። ውደዱ ካለ በኋላ እንዴት እንደሆነ እዛው ነው የሚያሳየን፣ በእጅ መልካም አድርጉ በአፍ መርቁ ተንበርክካችሁ ጸልዩ። ስታያት ደስ ይበልሽ፣ ሆድሽ አይረበሽ፣ እንደ ድሮው ናፍቂያት የሚል የለበትም። ስለዚ ጠዋት በሯ ሲከፈት ሆድሽ ቢጨነቅ ያ ትእዛዙን አፈረስሽ ማለት አደለም፣ ስንቱ ሰው መሰለሽ ስሜቱ አልታዘዝ ስላለው ብቻ እኔ ክርስቲያን አደለሁም ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው።

መርቁ ያለውን እኛ ወሎዎች ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። አቦል ተቀድቶ ምርቃት ሳይባልበት ማን ይጠጣል? በረካው ላይ እንኳን ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። አንቺ ደግሞ ቡና ነው ስራሽ። በቀን ስንቴ ትመርቂያለሽ ስንቴስ ትመረቂያለሽ፣ ከነዛ ምርቃቶች አንዷን ድምፅሽን ሳታሰሚ እንኳን ለሷ አርጊያት፣ ቤቷን ሙላላት በይ። ያንን ባዶ የተገኘውን ቤት ማለቴ ነው።

ስለ ጸሎት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ጸልዬላት ነበር አልተለወጠችም ብሎ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ታውቂዋለሽ፣ ከዚህ ሰላሳ ኪሎሜትር ቢሆን ነው፣ ጥር 1 ሄደሽም ይሆናል። እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወግሩት ተንበርክኮ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው አለ (ሐዋርያት ሥራ 7 ላይ ነው) ድንጋዩ ግን አልቆመም፣ ሞተ። ልብሳቸውን የሚጠብቅላቸው ሳውል የሚባል ጎረምሳ እዛው ቆሞ ነበር፣ እሱ ነው በኋላ ጳውሎስ የሆነው። የጥንቱ የቤተክርስቲያን አባት ቅዱስ አውግስጢኖስ እስጢፋኖስ ባይጸልይ ኖሮ ቤተክርስቲያን ጳውሎስን አታገኝም ነበር ብሎ ሰብኳል። እስጢፋኖስ ግን ይሄን በአይኑ አላየም።

ፈሪ ነሽ ስለምትልሽ እህትሽ። ደሴ ላይ ኅዳር 1928 የጣልያን አውሮፕላን ቦምብ ሲጥል አፄ ኃይለሥላሴ እዚሁ ከተማ ነበሩ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመቷል። ከአምስት አመት ተኩል በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ግን ለህዝቡ የነገሩት ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ነው። ይሄ ሁሉ ግፍ የተሰራበት ህዝብ በእጁ የወደቀውን ጣልያን እንዳይነካ ተነገረው። ያኔ በቀል ቀላሉ ነገር ነበር፣ መሳሪያውም እጃቸው ላይ ነበር። መመለስ እየቻሉ አለመመለስን ፍርሃት ልለው አልችልም። አንቺም ብትፈልጊ አመዱን መልሰሽ በሯ ላይ መድፋት ትችያለሽ፣ እድር ላይም ከሷ በላይ መጮህ ትችያለሽ።

ሌላው ደግሞ የእሳት ፍም ነገር አለ፣ እህትሽ ምናልባት ይሄንንም ትልሽ ይሆናል። ሮሜ 12 ላይ ጠላትህ ቢራብ አብላው ቢጠማ አጠጣው በራሱ ላይ የእሳት ፍም ትከምራለህና የሚለውን ይዘው በደግነት አቃጥያት የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ ማህበር ላይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቀጣዩን መስመር ግን አይጠቅሱትም፣ ክፉውን በመልካም አሸንፍ እንጂ በክፉ አትሸነፍ ነው የሚለው። ጳውሎስ ቃሉን ከምሳሌ 25 ነው የወሰደው፣ አውግስጢኖስም ፍሙን በደለኛው ውስጥ የሚነደው ጸጸት ነው ብሎ ነው የፈታው። እኔ ይሄን ጥቅስ ባነበብኩ ቁጥር እናቴ ናት የምትመጣብኝ። ልጅ ሆነን ክብሪት ሲጠፋ እናቴ ገል ይዛ ጎረቤት ሄዳ ፍም ትለምን ነበር፣ ጎረቤታችን ሙስሊም ነበሩ፣ አንዳንዴ ተኮራርፈው እንኳን ፍሙን አይከለክሏትም ነበር፣ እሳት አይከለከልም ይሉ ነበር። ጳውሎስ ይሄን አስቦ ነው አልልም፣ ለኔ ግን ከዛ ወዲህ ፍም ስሰማ ማቃጠል ብቻ አይታየኝም።

እዚ ድረስ ያልኩት ምናልባት ከነፍስ አባትሽም የሰማሽው ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ደብዳቤሽ መሃል ላይ አንድ ነገር ብለሽ ቶሎ አልፈሽዋል። እቃው ሲወጣ በመስኮት አይቻለሁ አልሽኝ። የኔ እናት ይሄንን ለሷ ነግረሻታል? ደብዳቤውን ደጋግሜ አየሁት፣ ነገርኳት የሚል የለም። አራት አመት ሙሉ እንደምን አደርሽ ብለሻታል፣ እሷ ሌሊት ሌሊት ማን ይሆን እንዴት ገቡ ስንት ሰው ነበሩ እያለች ስታሰላ አንቺ መልሱን ይዘሽ ከግድግዳው ማዶ ተኝተሻል። ልወቅስሽ አደለም፣ መሳሪያ የያዘ ሰው ፊት ዝም ያልሽው ትክክል ነበርሽ፣ እኔም ብሆን ዝም እል ነበር። ከዛ በኋላ ያለው ዝምታ ግን ሌላ ነው። ምናልባት ካየሽ ለምን አልጮህሽም እንዳትልሽ ፈርተሽ ነው። ምናልባትም በዛች ቀን ባደረግሽው ነገር አንቺ ራስሽ ታፍሪያለሽ፣ የሚያሳፍር ነገር ግን አላደረግሽም።

ለዚህ ነው ግዴታዬን እየተወጣሁ ነው ያልሽው ቃል የከበደኝ። ሰላምታ ቀላል ነው። ሰላም ብለሽ ስታልፊ አንቺ ትነጫለሽ እሷ ደግሞ የበለጠ ትጠቁራለች፣ ሰፈሩም አየሽ ይቺ ሰላም ትላለች ያቺ ታኮርፋለች ይላል። እኔ እራሴ ይሄን ሰርቻለሁ ስለዚ አውቀዋለሁ። ከእህቴ ጋር ሆጤ ባለው በእናታችን ቤት ተጣልተን ሰባት አመት በዓል በመጣ ቁጥር እኔ ነበርኩ ቀድሜ የምደውለው፣ እንኳን አደረሰሽ ብዬ እዘጋለሁ፣ ልቤም ድርሻዬን ተወጣሁ ይላል። ቤቱ ሲሸጥ ከሷ የደበቅኩት ነገር ግን ነበር። አንድ እሁድ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ ተአምኁ በበይናቲክሙ (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ እጅ ይነሳሳል እኔም ዞር ስል ከኋላዬ እህቴ ናት፣ እጅ ነሳሁ፣ አይኔን ግን ቀና ማድረግ አቃተኝ። ጌታ በማቴዎስ 5 ላይ መባህን መሠዊያው ላይ ትተህ ሂድ የሚለው ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ስታስብ ነው፣ አንተ በሱ ላይ ካለህ አላለም። እስከዛን ቀን ይሄን ቃል ስንቴ ለሰንበት ተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ፣ ገልብጬ ነበር የማነበው። የዛን እለት ከሰአት ሄጄ ነገርኳት። ስድስት ወር ደግሞ ከድሮው ብሳ ዘጋችኝ፣ እውነቱን ነው የምነግርሽ። ከዛ በኋላ ነው የታረቅነው።

ስለዚ እንዲህ አርጊ። ብቻሽን ሂጂባት መጀመሪያ፣ ማቴዎስ 18 ላይም ያለው ቅደም ተከተል እሱ ነው፣ አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ነው የሚለው፣ አልሰማ ካለህ ነው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ የምትሄደው። ማታ ሱቋን ስትዘጋ ይሻላል፣ ደንበኛ ፊት አታርጊው። ስትገቢ ስለራስሽ ስም መጥፋት አትጀምሪ። ስለ ቤቷ ጀምሪ። እቃሽ ሲወጣ አይቻለሁ በያት፣ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ስንት ሆነው እንደመጡ፣ በሩን እንዴት እንደከፈቱት፣ ፍሪጁን በምን እንደጫኑት የምታስታውሺውን ሁሉ ንገሪያት፣ ፈርቼ ነበር እናቴን አቅፌ ተቀመጥኩ፣ ሳልነግርሽ በመቆየቴ ይቅር በይኝ በያት። ከዛ በኋላ በሩን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ ያልሽው ግን ውሸት ነው በያት። ይሄንን አትተይው። ጌታ እራሱ ሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ ዝም አላለም፣ ክፉ ተናግሬ እንደሆነ መስክር መልካም ከሆነ ግን ስለምን ትመታኛለህ ብሏል፣ ዮሐንስ 18 ላይ አለልሽ። ዮሴፍም ወንድሞቹን ይቅር ሲላቸው ያጠፋችሁት የለም አላላቸውም፣ እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ ብሎ ስም ሰጥቶት ነው እያለቀሰ አትፍሩ ያላቸው።

ልትጮህብሽ ትችላለች። ምናልባት አየሽ አላልኩም ልትል ትችላለች፣ ታይ ነበር ማለት ነው ብላ ሰፈሩን ልትሰበስብ ትችላለች። እሱን አስበሽ ሂጂ። ያኔ ነው ሁለት ሰው የሚያስፈልግሽ፣ ከእድሩ ዳኛ ጋር አንድ ሁለታችሁንም የሚያከብር ሽማግሌ ይዘሽ ተመለሺ፣ ሙስሊምም ቢሆን ክርስቲያንም ቢሆን ደሴ ላይ ሽማግሌ ሽማግሌ ነው። ገጠሩ ላይ አባጋሮቹ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ ማለቴ ነው፣ ደም ሲያደርቁ መጀመሪያ እውነቱን ነው የሚያወጡት፣ እርቁ ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ያን ሰሞን ከተማ የቀረ ሌላ ጎረቤት ካለ እሱም ያየውን ይናገር።

በዚ መሃል እጅሽ ስራ አይፍታ። ዘጸአት 23 ላይ በጣም የምወደው ህግ አለ፣ የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታየው ትተኸው አትለፍ አንሳለት ይላል። ከወንጌል በፊት በሙሴ ጊዜ የተጻፈ ነው፣ ሰውየውን ሳመው አይልም ከአህያው ጋር ነው የሚያገናኝህ፣ ሁለት ሰው አንድ ጭነት ሲያነሳ ደግሞ ትከሻው መነካካቱ አይቀርም። የሷ የወደቀ አህያ የቱ ነው? አንቺ ነሽ የምታውቂው ጎረቤቷ ነሽ። ውሃ ሌሊት ስትመጣ ከሆነ ጄሪካኗ ውጪ ካለ ሙይላት፣ ከሞላሽው በኋላ እኔ ነኝ ብለሽ አታስወሪ። ኤልሳዕ ሊይዙት የመጡትን የሶርያ ወታደሮች ሰማርያ መሃል አስገብቶ ንጉሡ ልግደላቸው ወይ ሲለው እንጀራና ውሃ አቅርብላቸው ነው ያለው (2ኛ ነገሥት 6)፣ በልተው ጠጥተው ወደ ጌታቸው ሄዱ፣ አደጋ ጣዮቹም ከዛ ወዲያ አልተመለሱም። ሁሌ እንደዛ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ነው ጳውሎስ ያለው፣ በሷ በኩል ያለው የሷ ነው።

ልጅሽን ግን እባክሽ ከጸቡ አውጪያት። ክርስትና እናትሽ ናት ሰላም በያት ብለሽ ንገሪያት፣ ብትታጠፍም ትበላት።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው 24 አመቴ ነው። ሱፐርቫይዘሬ በሰው ፊት እንስሳ እያለ ይሰድበኛል፣ አንዴ የሰራሁትን እቃ ፊቴ ላይ ወርውሮብኛል። ቸርች ላይ ሌላኛውን ጉንጭህን ስጠው ይሉኛል፣ ጓደኞቼ ከሺፍት ሲወጣ እንጠብቀው ይላሉ። ለኤች አር ባመለክት ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ኃጢአት አደለም ወንድሜ። ጉንጭ ስለተባለው ነገር፣ ማቴዎስ ላይ ቀኝ ጉንጭህን ነው የሚለው። ቀኝ እጅ ያለው ሰው ቀኝ ጉንጭህን ሊመታህ የሚችለው በእጁ ጀርባ ነው፣ የንቀት ጥፊ ነው ማለት ነው፣ ባሪያ ያለው ሰው ባሪያውን እንደሚመታው። ሌላውን ስታዞርለት አልሮጥክም አልመታህም፣ ቀጥ ብለህ ቆመሃል። ጳውሎስ ደግሞ ፊልጵስዩስ ከተማ ላይ ያለፍርድ ገርፈው አስረውት ሲያበቁ በስውር ውጣ ሲሉት እምቢ አለ፣ እኛ ሮማውያን ነን ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። ያው ጳውሎስ ነው እንግዲህ ለማንም ስለ ክፉ ፈንታ ክፉን አትመልሱ ብሎ የጻፈው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። ስለዚ ቀኑን፣ ሰአቱን፣ ያለውን ቃል፣ ማን እንደነበረ ጻፍ፣ ስታመለክት የሆነውን ብቻ ጻፍ፣ አንድም ነገር አትጨምርበት፣ ስድብም አታስገባበት። ለጓደኞችህ ግን እምቢ በላቸው፣ ቦርከና ዳር ጠብቃችሁ ብትመቱት ነገ የምትታሰረው አንተ ነህ፣ ከዛም በላይ ሰውየውን መስለህ ትገባለህ። ማታ ዶርም ስትገቡም ስሙን አንስታችሁ አትብሉት። ከመተኛትህ በፊት ስሙን ጠርተህ አንድ ደቂቃ ጸልይለት፣ ልጆች ካሉት ልጆቹንም ጨምር። ሰው ቤቱ ምን ይዞት እንደሚያድር አይታወቅም። ይሄን የምልህ እንድታዝንለት ብቻ አደለም፣ ኤች አር ቢሮ ስትገባ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥም ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ ባለቤቴ ይመታኛል። ሁለቴ ሆስፒታል ገብቻለሁ። ዘመዶቹም ሽማግሌዎቹም ክርስቲያን ትታገሳለች ጠላትሽን ውደጂ ይላሉ። ታናሽ እህቴ ጋ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት አሁን። ልመለስ?

መልስ፦ አትመለሺ። አሁን ባለሽበት ሆነሽ ቆዪ። ለፖሊስ አመልክቺ፣ የወረዳሽን ሴቶችና ሕጻናት ቢሮም አናግሪ፣ የሆስፒታል ወረቀትሽን አትጣይው። ሚስትን መምታት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ወንጀል ነው፣ የቤት ጉዳይ አደለም።

መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠቅሱልሽ ከሆነ ዳዊትን አንብቢላቸው። ሳኦል ሊገድለው ሲያሳድደው ዳዊት ሁለቴ እጁ ውስጥ አግኝቶት አልነካውም፣ አንዴ ዋሻ ውስጥ የልብሱን ጫፍ ቆረጠ፣ አንዴ ደግሞ በተኛበት ጦሩንና የውሃ መቅጃውን ወሰደ። ከዛ ወዲህ ጠላትን በመውደድ የሚጠራ ሰው ነው። ሳኦልም በድያለሁ፣ ልጄ ዳዊት ሆይ ተመለስ ክፉ አላደርግብህም አለው። ዳዊት ምን አደረገ? ጦሩን መለሰለት፣ ሳኦልም ቡሩክ ሁን አለው፣ ዳዊት መንገዱን ሄደ ሳኦልም ወደ ስፍራው ተመለሰ ነው የሚለው (1ኛ ሳሙኤል 26)። አልተመለሰም! ለሳኦል ክፉ አልተመኘም፣ ሲሞትም አልቅሶለታል፣ ጦር በሚወረውርበት ቤት ግን ተመልሶ አልተቀመጠም። ባልሽን አትርገሚው፣ ልብ እንዲገዛ ጸልዪለት፣ ከሩቅ ሆነሽ። ሽማግሌዎቹም መጀመሪያ እሱን ያስታርቁት ከእግዚአብሔር ጋር፣ በስራው ይታይ፣ አመትም ይፍጅ። አንቺን ቶሎ ተመለሺ የሚልሽ ሰው ካለ እኔ ጋ ላኪው።

ጥያቄ፦ እትዬ እኔ ሙስሊም ነኝ ሸዋ በር ነው ሰፈሬ። ግድግዳ የምንጋራቸው ክርስቲያን እማማ አሉ፣ ከአባቴ ጋር በአጥር ተጣልተው አመት ሊሞላቸው ነው፣ አባቴን ብዙ ክፉ ቃል ተናግረውታል። አሁን ታመው ተኝተዋል ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። እናቴ ሾርባ ይዘን እንግባ ትላለች፣ አባቴ አይሆንም ያዋርዱናል አለ። በእናንተ ሃይማኖት ይቀበሉናል?

መልስ፦ ይቀበላሉ ልጄ። ባይቀበሉሽም እንኳን አንቺና እናትሽ እዛች ቤት ስትገቡ ያንን ከላይ ስጽፍ የዋልኩትን ወንጌል እየፈጸማችሁ ነው፣ እኔ ይሄን ደብዳቤ ሳነብ አልቅሻለሁ። አባትሽን አትለፉት፣ እናትሽ ቀስ ብላ ትንገረው፣ እሱ ባይገባ እንኳን ሂዱ ይበላችሁ። እማማ አጥሩን ካነሱ ዛሬ ለጥየቃ ነው የመጣነው በሏቸው፣ የአጥሩ ነገር ሲሻላቸው በሽማግሌ ይታያል።

አንድ ነገር ብቻ፣ እሳቸው ጾም ላይ ናቸው፣ ታመውም ቢሆን አሮጊት ጾም አይፈታም። ስለዚ ሾርባው ውስጥ ስጋም ቅቤም ወተትም እንዳይገባ፣ በአጃ ብቻ በዘይት አርጊው፣ ስትሰጪያቸውም የጾም ነው እማማ በያቸው። ከቅዳሴ መውጫ በፊት እንዳይሆንባቸው ከዘጠኝ ሰአት በኋላ ሂዱ፣ ያኔ እናንተም ለማፍጠር ብዙ አይቀራችሁም፣ ተምር ካላችሁ ጨምሩላቸው።